የጀፎረው ሣር ምግቡን ከየት ያገኛል?

የሚከተለው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። በምታነቡበት ጊዜ ነገሩ ከምክንያቱና ከውጤቱ ጋር እየተያያዘ እንዴት እንደ ተብራራ ልብ በሉ።

ገበሬ ማሳውን ያርሳል፤ ያለሰልሳል፤ ፍግ ወይም ማዳበሪያ ይጨምርበታል፤ ዘር ይዘራል፤ አረሙንም ይነቅላል። ይህን ሁሉ ደክሞ ምርቱ ከዓመት ወደ ዓመት እንዳይቀንስበት ይሠጋል። በማሳው ዳር የሚበቅለውን ሣር ግን ያረሰለት የለም፤ ማዳበሪያም የጨመረለት የለም። እንዲያም ሆኖ በክረምት ይለመልማል፤ በመስከረም ያብባል፤ በበጋ ይደርቃል፤ በበልግ ዝናብ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ ያልተዘራና ያልተኰተኰተ ዕፅ ምግቡን ከየት ያገኛል? ያገኘውንስ በየወቅቱ እንዴት አድርጎ ይጠቀምበታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ለዕፀዋት ከሚያስፈልጉት ምግቦች ዋነኛ የሆነውን ናይትሮጂንን ተከትለን ዓመቱን እንዞራለን። ምሳሌያችንም በጉራጌ ዞን በእዣ ወረዳ የምትገኘው የአገና ከተማ አካባቢ ናት።

፩. ናይትሮጂን ምንድን ነው?

ናይትሮጂን ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው ሰባ ስምንት እጅ ያህሉ ናይትሮጂን ነው። ያለ እርሱ ፕሮቲን አይሠራም፤ ያለ ፕሮቲንም ሕይወት ያለው አካል አይገነባም። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የተባለው ቀለም እንኳ በእያንዳንዱ ሞለኪዩሉ ውስጥ አራት የናይትሮጂን አቶሞች አሉት። ስለዚህ ናይትሮጂን ያነሰው ተክል ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ እድገቱም ይቀጭጫል። ቢጫነቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከታችኛው፣ ማለትም ካረጀው ቅጠል ነው። ይህ የሚሆነው ተክሉ ናይትሮጂኑን ካረጀው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ነው። ይህን ጠባይ ኋላ በበጋው ታሪክ ውስጥ እንደገና እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ዕፀዋት በናይትሮጂን በተሞላ አየር ውስጥ ቆመው ናይትሮጂን ይራባሉ። በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ እጅግ በጠነከረ ማያያዣ የተጣመረ ስለሆነ ቅጠልም ሆነ ሥር ይህን ማያያዣ ሊፈታው አይችልም። ሥር ሊመጠው የሚችለው ናይትሮጂኑ መልኩን ለውጦ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ከሚሟሙት መልኮቹ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም አሞኒየምና ናይትሬት ይባላሉ።

የሁለቱ ጠባይ የተለያየ ነው። አሞኒየም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ሸክላማ አፈር ደግሞ አሉታዊ ሙል ስላለው አሞኒየምን ስቦ ይይዘዋል። ናይትሬት ግን እንደ አፈሩ አሉታዊ ሙል ያለው በመሆኑ አፈሩ አይዘውም፤ ውሃው በሄደበት አብሮ ይሄዳል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የክረምቱን ታሪክ ሊረዳ አይችልም።

በላይኛው አፈር ውስጥ ካለው ናይትሮጂን ከመቶው ከዘጠና እጅ የሚበልጠው በብስባሽ ውስጥ የታሰረ ነው። ብስባሽ ማለት የሞቱ ሥሮች፣ የረገፉ ቅጠሎች፣ የእንስሳት እዳሪና የጥቃቅን ሕይወት ቅሬታ ነው። ይህን ብስባሽ እየበሉ ናይትሮጂኑን የሚፈቱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ሥራቸው አዝጋሚ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈትቶ ለተክል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከመቶው ከአንድ እስከ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ የዱር ዕፀዋት ኑሮ የተመሠረተው በሀብት ብዛት ላይ ሳይሆን፣ ጥቂቱን ሀብት በጊዜው በመያዝና ሳያባክኑ በመጠቀም ላይ ነው።

፪. የአገና አካባቢ

አገና የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢዋ ደጋማ ሲሆን በስተ ምሥራቅ የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ይገኛል። ይህ ሰንሰለት ውሃን ለሁለት የሚከፍል ነው። በምዕራብ ተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ በዋቤ ወንዝ በኩል ወደ ጊቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ይገባል። በምሥራቅ ተዳፋቱ የሚወርደው ደግሞ በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል።

በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ ዋና ምግብ እንሰት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተሙትን መጽሐፍ የእንሰት ባህል ሕዝብ የሚል ርእስ መስጠታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የመንደሩም አሠራር ከእንሰቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ትይዩ ሆነው ይሠራሉ፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ይተከላል። በሁለቱ ረድፎች መካከል ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ይዘረጋል። ይህ ጎዳና ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ ሠርግና ለቅሶ የሚከናወንበት፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከብትም የሚግጥበት፣ ቂጫ በሚባለው ባህላዊ ሕግ የተጠበቀ የጋራ ቦታ ነው። በላዩ ያለው ሣር ማንም ያልዘራው የዱር ሣር ነው።

በአገራችን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል፤ ጸደይ፣ ክረምት፣ መፀውና በጋ ይባላሉ። የናይትሮጂንን ጉዞ ደረቁ አፈር ከሚርስበት ከጸደይ እንጀምር።

፫. ጸደይ፦ የመጀመሪያው ዝናብ

ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። በአገና አካባቢ የበልግ ዝናብ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ አንዳንድ ዓመት ቀደም ብሎ በየካቲት ይጀምራል።

ረጅሙ የበጋ ፀሐይ አፈሩን ያደርቀዋል። በውስጡ ከሚኖሩት ተሕዋስያን ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የቀሩትም ሥራ ፈትተው ይቆያሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የቀሩት ይነቃሉ። የሞቱትንና ከደረቀው ብስባሽ የተላቀቀውን ነገር መብላት ይጀምራሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ናይትሮጂን ወደ አሞኒየም፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። በኬንያ ይመራመሩ የነበሩት ኤች. ኤፍ. በርች እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ነገር በዝርዝር አስረድተዋል፤ ዛሬም በስማቸው የበርች ክሥተት ተብሎ ይጠራል።

ይህ በዓመቱ ውስጥ ከሚገኙት የናይትሮጂን ድግሶች ትልቁ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቀን አይቆይም። ተጠቃሚ የሚሆነው ተዘጋጅቶ የጠበቀ ብቻ ነው። የጀፎረው ሣር ከዓመት ዓመት የሚኖር ስለሆነ ሥሩ በአፈር ውስጥ ሕያው ሆኖ ይጠብቃል። ዝናቡ እንደ ጣለ አዳዲስ የሥር ጭራዎችን ያወጣል፤ ናይትሬቱንም ገና ሳይርቅ ይመጠዋል። ሥር የሌላቸው፣ ከዘር የሚበቅሉት ዕፀዋት ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው። ለብዙ የዱር ዘሮች ናይትሬት ራሱ የመብቀያ ምልክት ነው። ዘሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ናይትሬት ሲያገኝ ምግብ መኖሩንና ቦታውን ሌላ ተክል አለመያዙን የሚያውቅ ያህል ይበቅላል።

አሁን ይህን ባዶውን ከታረሰ ማሳ ጋር አነጻጽሩት። በማሳው ውስጥ ድግሱ እንደዚያው ተደግሷል፤ ነገር ግን ሰብሉ ገና አልተዘራም፤ ወይም ተዘርቶ ሥር አልሰደደም። ናይትሬቱን የሚቀበለው ስለሌለ ቀጥሎ የሚመጣው ከባድ ዝናብ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡም አንድ ሆኖ ሳለ ሣሩ የሚጠግበውና ማሳው የሚራበው በዚህ ምክንያት ነው።

፬. ክረምት፦ የብዙ ውሃና የጥቂት ምግብ ጊዜ

ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ወቅት ነው። ምድር አረንጓዴ የምትለብሰው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ዕፀዋት ሁሉ የጠገቡ ይመስላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጸደዩ ናይትሬት ከፊሉ ተበልቷል፤ ከፊሉም ታጥቦ ወደ ጥልቁ አፈርና ወደ ወንዝ ወርዷል። መብረቅ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን እየፈታ ከዝናብ ጋር ወደ ምድር የሚያወርደው አለ፤ ሆኖም መጠኑ አነስተኛ ነው። ቅዝቃዜውም የተሕዋስያኑን ሥራ ያዘገየዋል።

ውሃ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ችግሩ ይብሳል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል። በዚያ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኦክስጂን ሲያጡ በናይትሬት ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ለመተንፈሻ ይወስዳሉ። የተረፈው ናይትሮጂን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። በነሐሴ ውሃ የተኛበት ሣር ቢጫ ሆኖ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚህ የችግር ጊዜ ግን አረንጓዴነቱን ሳይለቅ በሣሩ መካከል የሚያብብ ትንሽ ተክል አለ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ሐምራዊ ወይም ነጭ የሆነ፣ ከብት የሚወደው ይህ ተክል ማገጥ ነው። ማገጥ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው። በኢትዮጵያ ደጋዎች ከሃያ በላይ የማገጥ ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከአገራችን በቀር በሌላ አገር አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የነበረው፣ በኋላም ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት የሆነው ማዕከል ለከብት መኖ ይጠቅማሉ በማለት እነዚህን ማገጦች እያሰባሰበ አጥንቷል።

የማገጥ ምሥጢር ከሥሩ ላይ ነው። በነሐሴ ወር አንድ ማገጥ ከነሥሩ በቀስታ ነቅላችሁ አፈሩን በውሃ ብታጥቡት የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉና ከዚያም የሚያንሱ እባጮች በሥሩ ላይ ታያላችሁ። እነዚህ እባጮች በሽታ አይደሉም። በውስጣቸው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጂን ማያያዣ ፈትተው ወደ አሞኒየም ይለውጡታል። ይህን በማያጠራጥር ሙከራ ያረጋገጡት ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ሲሆኑ፣ የሥራቸውን ዝርዝር ውጤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። እባጩን በጥፍራችሁ ብትከፍቱት ውስጡ ሮዝ መሳይ ቀይ ሆኖ ከታየ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ቀይ መልኩን የሚሰጠው በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ነገር ነው። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ግን ሥራውን ጨርሷል።

የሰው ልጅ ይህንኑ ሥራ በፋብሪካ መሥራት የጀመረው ብዙ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን አገር ነው። በፋብሪካው ዘዴ ናይትሮጂንን ለማጣመር ከአራት መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀትና ከተራው አየር ከመቶ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ግፊት ያስፈልጋል። በማገጥ ሥር ላይ ያለው ባክቴሪያ ግን ይህን የሚሠራው በቀዝቃዛው የክረምት አፈር ውስጥ ነው።

ሥራው ያለ ዋጋ አይሠራም። ባክቴሪያው ናይትሮጂን ሲሰጥ ማገጡ በፋንታው በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ስኳር ይከፍለዋል። ከፍያውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ አፈሩ ራሱ በቂ ናይትሬት ባለው ጊዜ ማገጥና ዘመዶቹ የእባጮቹን ሥራ ይቀንሳሉ፤ ናይትሬቱ ሲያልቅ ግን ያበረቱታል። ደግሞም ማንኛውም ባክቴሪያ ለማንኛውም ማገጥ አይስማማም። ከአውሮፓ ማገጥ ጋር የለመደው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ለአፍሪካ ማገጥ አይሠራለትም።

፭. መፀው፦ የአበባና የዘር ጊዜ

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ነው። ዝናቡ ያባራል፤ ፀሐይ ይበረታል። በመስከረም መግቢያ ሜዳውን ቢጫ ያለበሰው አደይ አበባ በዚህ ወቅት ዘር ያፈራል።

አደይ አበባ እንደ ማገጥ ናይትሮጂን የሚሠራለት እባጭ የለውም፤ ዕድሜውም አንድ ዝናብ ብቻ ነው። ስለዚህ በዝናቡ ወራት ከአፈሩ የሰበሰበውን ናይትሮጂን ሁሉ ከመሞቱ በፊት ለልጁ ማውረስ አለበት። ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ይፈርሳል፤ ናይትሮጂኑም በግንዱ አልፎ ወደ ዘሩ ይገባል። የሚመጣው ዓመት ቡቃያ ሥር እስኪሰድ ድረስ የሚመገበው ይህን ስንቅ ነው።

ከዓመት ዓመት የሚኖረው የጀፎረው ሣር ግን ከሀብቱ ከፊሉን ለዘሩ፣ ከፊሉን ደግሞ ለራሱ ሥርና ለግንዱ መነሻ ያስቀምጣል። ሁለቱም ቢሆኑ ከቅጠላቸው ናይትሮጂን ማውጣታቸው አይቀርም። ይህ ነገር ለከብት አርቢ ታላቅ ትርጉም አለው። የመኖን ፕሮቲን ለማወቅ በውስጡ ያለው የናይትሮጂን መጠን በ6.25 ይባዛል። ለጋ ሣር ከመቶው ከአሥር እጅ በላይ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። ያው ሣር ዘር ጥሎ ከደረቀ በኋላ ግን ከመቶው ወደ አምስት እጅና ከዚያም በታች ይወርዳል። የመኖው ፕሮቲን ከመቶው ከሰባት እጅ በታች ሲሆን በከብት ጨጓራ ውስጥ ሣሩን የሚፈጩት ተሕዋስያን ራሳቸው ናይትሮጂን ያንሳቸዋል። ከብቱ ሆዱ ሞልቶ እያለ ይከሳል። ስለዚህ ድርቆሽ ሣሩ አብቦ ዘሩ ሳይጠነክር ቢታጨድ ብዙ ናይትሮጂን ከቅጠሉ ሳይወጣ ይያዛል። ታኅሣሥ ላይ የሚታጨደው ቢበዛ ክምሩ ይበልጣል እንጂ ምግብነቱ አይበልጥም።

፮. በጋ፦ የቁጠባ ጊዜ

በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ የሚጎድለው ውሃ ነው። ናይትሮጂን በአፈሩ ውስጥ ቢኖርም ያለ ውሃ ወደ ሥር አይደርስም። ስለዚህ ዕፀዋት አዲስ ከመፈለግ ይልቅ ያላቸውን መጠበቅ ይይዛሉ።

ብሳና የተባለውን ዛፍ ተመልከቱ። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ከአረንጓዴነት ወደ ብርቱካንማ መልክ ይለወጣል። ይህ የመልክ ለውጥ የንብረት ማስወጣት ምልክት ነው። ዛፉ ክሎሮፊሉንና ፕሮቲኑን አፍርሶ ናይትሮጂኑን ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይመልሳል። በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች በተደረጉ ምርመራዎች መሠረት ዛፎች ቅጠላቸው ከመርገፉ በፊት በአማካይ ግማሽ ያህሉን ናይትሮጂን መልሰው ያወጣሉ። የቀረው ከቅጠሉ ጋር ረግፎ የመሬቱ ድርሻ ይሆናል፤ በሚመጣው ጸደይም የተሕዋስያን ምግብ ይሆናል።

ከአገና ወርደን፣ ተራራውን ተሻግረን ወደ ስምጥ ሸለቆ ብንሄድ ደግሞ የተገላቢጦሹን እናያለን። በኦሮሚኛ ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው የግራር ዓይነት በበጋ ይለመልማል፤ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል። ሥሩ ወደ ጥልቁ ስለሚሰድ ሌሎች ውሃ በሚያጡበት ወቅት እርሱ አያጣም። ክረምት ሲገባ የሚያራግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ባዶ የሆነው ቅርንጫፉም ብርሃን አይከለክልም። ስለዚህ ገበሬዎች ከሥሩ ይዘራሉ እንጂ ዛፉን አይቈርጡትም።

ጥልቅ ሥር ሌላም ጥቅም አለው። በክረምት ታጥቦ የወረደው ናይትሬት ሁሉ ወዲያው ወደ ወንዝ አይደርስም፤ ከፊሉ ከሣር ሥር በታች ባለው አፈር ውስጥ ይቀራል። በምዕራብ ኬንያ በተደረጉ ጥናቶች የበቆሎ ሥር ሊደርስበት ያልቻለውን እንዲህ ያለ ናይትሬት ሥረ ጥልቅ የሆኑ ዛፎች ሲመጡት ታይቷል። ዛፉ ከጥልቁ ያወጣውን በቅጠል መልክ ወደ ላይኛው አፈር ይመልሰዋል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑት የአገራችን ተራሮች ላይ የሚበቅለው አስታ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በብርድ የሚኖር ነው። በዚያ ብርድ ብስባሹ ቶሎ ስለማይፈታ አሞኒየምም ናይትሬትም ጥቂት ነው። አስታ በሥሩ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተባብሮ ይኖራል። ፈንገሱ ናይትሮጂኑ ገና በብስባሹ ውስጥ ታስሮ እያለ ይፈታዋል፤ ለአስታውም ያካፍለዋል።

፯. ከጀፎረው ወደ እንሰቱ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ዱር ዕፀዋት ብቻ ነበር። ነገር ግን የዱሩ ሣር ታሪክ ከሰው ማእድ ጋር የተያያዘ ነው።

እንሰት ትልልቅ ቅጠል ያለው፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ ጓሮ የሚኖር ተክል ነው። በአየር ያለውን ናይትሮጂን የሚሠራለት እባጭ የለውም። በተቈረጠ ቁጥር ናይትሮጂን ከጓሮው ይወጣል። ታዲያ ይህ ጓሮ በትውልድ ዘመን ሁሉ ሳይደክም የቆየው እንዴት ነው? መልሱ ጀፎረው ላይ ነው። ከብቱ ቀን በጀፎረውና በግጦሹ መሬት ሣሩንና ማገጡን ይግጣል። ከብት ከበላው ናይትሮጂን አብዛኛውን በአዛባውና በሽንቱ መልሶ ያወጣዋል፤ ለሥጋውና ለወተቱ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው። ማታ ከብቱ ወደ ቤት ይገባል። ሌሊት የወጣው አዛባ ተጠራርጎ ወደ እንሰቱ ይወሰዳል። እንዲህ ሆኖ በሰፊው ሜዳ ላይ በጥቂት በጥቂቱ የተሰበሰበው ናይትሮጂን በከብቱ ተሸካሚነት በጠባቡ ጓሮ ውስጥ ይከማቻል።

ሽንት ምን ያህል ናይትሮጂን እንዳለው ለማወቅ ላም የሸናችበትን የግጦሽ ቦታ ከሳምንታት በኋላ ማየት ይበቃል፤ ሣሩ ከአካባቢው ሣር ይልቅ ጠቁሮና ረዝሞ ይታያል። ይህ ሀብት በበረት ውስጥ ሳይደባለቅ ከቀረ ግን አሞኒያ የተባለ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። በበረት ገብቶ ዓይንን የሚቈጠቍጠው ሽታ እርሱ ነው። ስለዚህ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ከሥር ተነጥፎ ሽንቱን እንዲመጥ ማድረግ ናይትሮጂንን ከመጥፋት ያድናል።

ይህ ሰንሰለት በሦስት መንገድ ሊበጠስ ይችላል። አንደኛው አዛባውን ኩበት አድርጎ ማንደድ ነው። ኩበት በሚነድበት ጊዜ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይበናል፤ በአመዱ ውስጥ ከሌሎቹ ምግቦች አንዳንዶቹ ይቀራሉ እንጂ ናይትሮጂን አይቀርም ማለት ይቻላል። እንጨት በጠፋባቸው በብዙ የአገራችን ደጋዎች የእርሻ መሬት የደከመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው ጀፎረውንና ግጦሹን ማጥበብ ነው። የሣሩ ቦታ በቀነሰ መጠን ከብቱ የሚሸከመው ናይትሮጂን ይቀንሳል፤ ጉዳቱም ውሎ አድሮ በእንሰቱ ላይ ይታያል። ሦስተኛው የሣሩን ቦታ ሁሉ ለባሕር ዛፍ መስጠት ነው። ባሕር ዛፍ ማገዶና ገንዘብ በመስጠት ብዙ ቤተሰብ እንደ ረዳ የታወቀ ነው። ሆኖም የአየሩን ናይትሮጂን አያጣምርም፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ በጥላውም ሥር ሣርና ማገጥ እንደ ልብ አይበቅሉም። ስለዚህ የሚተከልበት ቦታ ተመርጦ መሆን አለበት።

ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ከመቶው አርባ ስድስት እጅ ናይትሮጂን ስላለው ኃይለኛ ረዳት ነው። ነገር ግን ለረጅም ዘመን ከባሕር ማዶ እየተገዛ ሲመጣ የኖረ፣ ዋጋውም በዓለም ገበያ የሚወሰን ነው። ከዚህም በላይ በከባድ ዝናብ ፊት በባዶ አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ የጸደዩን ናይትሬት ዕጣ ይከተላል፤ ከፊሉ ወደ ዋቤ ይወርዳል። ሥሩ ከተዘረጋ በኋላ ተከፋፍሎ ቢጨመር ግን ተክሉ ያገኘዋል። ይህም ከዱሩ ሣር የምንማረው ትምህርት ነው።

እንግዲህ በመነሻችን ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ እንዲህ ነው። የጀፎረው ሣር ምግቡን የሚያገኘው ካለፈው ዓመት ብስባሽ፣ ከጎረቤቱ ከማገጥና ከከብቱ እዳሪ ነው። የሚኖረውም ናይትሮጂን ሲፈታ ለመቀበል ሥሩን አዘጋጅቶ በመጠበቅ፣ የያዘውን ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ በማዛወር፣ በበጋም ወደ ሥሩ በማስገባት ነው። ገበሬም ከዚህ ሦስት ነገር ሊወስድ ይችላል፤ መሬቱን በመጀመሪያው ዝናብ ባዶ አለመተው፣ የባቄላና የአተርን ወገን ከሌላው ሰብል ጋር ማፈራረቅ፣ ከመሬቱ የወጣውን ወደ መሬቱ መመለስ። የአገና አካባቢ ሰው ጀፎረውን በሕግ ጠብቆ፣ አዛባውን ለእንሰቱ ሲያደርስ የኖረው የናይትሮጂን ስም ገና ሳይታወቅ ነው። ስሙን ያወቀ ተማሪ ደግሞ ሥራውን ከነምክንያቱ ሊያስረዳና ሊጠብቅ ይገባዋል።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች ለተሰጡት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በአጭሩ መልስ ስጡ።
1. ዕፀዋት በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን በቀጥታ ሊጠቀሙበት የማይችሉት ለምንድን ነው?
2. በክረምት ከአሞኒየም ይልቅ ናይትሬት በውሃ ታጥቦ የሚወርደው ለምንድን ነው?
3. በጥቅምት የታጨደ ድርቆሽ በታኅሣሥ ከታጨደው የሚሻልበት ምክንያት ምንድን ነው?
4. ከሰባት እጅ ፕሮቲን ጋር እኩል የሚሆነው የናይትሮጂን መጠን ከመቶው ስንት እጅ ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በተሰጣቸው ፍቺ በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
ቀጨጨ፣ ብስባሽ፣ ተዳፋት፣ አዛባ፣ ኩበት፣ ስንቅ

ሐ. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን» እና «ሆኖም» የሚሉትን አያያዥ ቃላት ፈልጉ። እያንዳንዳቸው ምክንያትን ከውጤት ወይም አንድን ሐሳብ ከተቃራኒው ጋር እንዴት እንዳያያዙ አስረዱ።

መ. በአካባቢያችሁ ከሚበቅሉት የዱር ዕፀዋት አንዱን ምረጡ። በአራቱ ወቅቶች የሚታይበትን ለውጥ ከነምክንያቱ የሚገልጽ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።